«ሳንባን ይከላከላል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና፣ በደሴ ዙሪያ ገጠሮች የማገዶ ጭስ ሲበዛ «እርድ ሳንባን ይከላከላል» የሚል ምክር አይጠፋም። መነሻው ከንቱ አይደለም። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ የጭስ ብናኞች እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ዘልቀው ህዋሳትን የሚያቆስሉ፣ ኦክሲጅን ያለባቸው ቁጡ ሞለኪውሎችን ያበዛሉ። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች እነዚህን ያበርዳሉ፤ የእርዱ ኩርኩሚንና የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኪኖን ከነዚሁ ናቸው።

ግራ የሚያጋባው «ይከላከላል» የሚለው ነው። አብዛኛው ማስረጃ የመጣው ከአይጦችና በቤተ ሙከራ ካደጉ ህዋሳት ነው። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውም እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ፣ ወጥ ውስጥ የገባች ቁንጣሪ እርድ ለአይጥ ከሚሰጠው መጠን ጋር አትወዳደርም። በሰው ላይ የተሞከረ ሲፈለግ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የቻይና ጥናት ይጠቀሳል፦ ብሮኮሊ ከተባለው አትክልት ቡቃያ የተሠራ መጠጥ የጠጡ ሰዎች በተበከለ አየር ውስጥ የሚገኘውን ቤንዝን የተባለ መርዝ በሽንታቸው ይበልጥ አስወገዱ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ የተለካው ግን ሽንት እንጂ የሳንባ ጤና አልነበረም።

ጭሱን ከቤት ውጭ የሚያስወጣ ምድጃ ቤት ውስጥ ያለውን ብናኝ ይቀንሳል፤ እርዱ ለወጡ ይሁን። የእርድ እንክብል ልውሰድ የሚል ሰው፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።