ኤክስፓየር፦ ከትንፋሽ እስከ ሽሮፕ ካርቶን

ፋርማሲ ሄደን የሳል ሽሮፕ ስንገዛ ካርቶኑን ገልብጠን የምናየው ኤክስፓየር ዴቱን ነው፣ መንጃ ፈቃዱም ፓስፖርቱም ኤክስፓየር ያደርጋል፣ ቃሉ ግን ሲፈጠር ከቀን ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። መሰረቱ ላቲን ነው። ስፒራሬ መተንፈስ፣ ኤክስ ደሞ ወደ ውጪ፣ ስለዚ በቃ አየር ማስወጣት ማለት ነው። ሮማውያን ሰው ሲሞትም በዚሁ ቃል ነበር የሚናገሩት፣ ልክ እኛ ነፍሱ ወጣች እንደምንለው። በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ሞቱንም ይዞ ተሻገረ፣ ቀጥሎ ውሉም ኪራዩም "ይሞት" ጀመር፣ ይኸው ዛሬ ሽሮፑ ላይ ደርሷል።

ሀኪሞች ጋ ግን የጥንቱ ትርጉም አሁንም ይሰራል፦ ኢንስፓይሬሽን አየር ማስገባት፣ ኤክስፓይሬሽን ማስወጣት። አዋቂ ሰው እረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፣ በአንዴ ግማሽ ሊትር ገደማ፤ ሲገባ 21% የነበረው ኦክስጅን ሲወጣ ወደ 16% ይወርዳል።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ፐርስፓየር ማላብ ነው፣ በቆዳ መተንፈስ እንደማለት። ስፒሪትም ከዚሁ ቤት ነው። እኔ የምወደው ግን ኮንስፓየርን ነው፣ ማሴር ማለት ሲሆን ቃል በቃል ሲፈታ አብሮ መተንፈስ ነው፣ ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው አፍ ለአፍ ገጥመው ሲንሾካሾኩ አይታያችሁም? የሚገርመው ትንፋሽን ብሬዝ የሚለው የራሱ የእንግሊዝኛው ቃል በድሮ ጊዜ ሽታና እንፋሎት ማለት ነበር እንጂ ትንፋሽ አልነበረም።

የኛም ቋንቋ እኮ ያው ነው፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ ትንፋሽ ሁሉም ከነፈሰ ነው የሚመዘዙት፣ ዕብራይስጡም ኔፌሽ ይላል። ዘፍጥረት 2፥7 ላይ እግዚአብሔር አዳም አፍንጫ ላይ እፍ ሲልበት የአማርኛው መጽሐፍ እስትንፋስና ነፍስን አንድ ቁጥር ውስጥ ያገናኛቸዋል፣ ቩልጌት የሚባለው የጥንቱ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ደሞ እፍ አለበት ለማለት ኢንስፒራቪት ይላል፣ ያው ኢንስፓየር አደረገኝ የምንለው ነው። አማርኛ እንደውም ይብሳል፣ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው ትንፍሽ አይልም፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲጎድል ደሞ ሹፌሩ ወርዶ በእግሩ መታ መታ ያረግና "ተንፍሷል" ይላል።