ዕድሜው የገፋ የሠራተኛ ኃይል ምንድን ነው?

ስለ ጀርመን ወይም ስለ ጃፓን ኢኮኖሚ የሚያወራ ዜና ስትሰሙ፣ «የሠራተኛው ኃይል ዕድሜው እየገፋ ነው» የሚል ነገር አይጠፋውም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሚሠራው ሕዝብ ውስጥ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ያለው ሰው ድርሻ ይጨምራል፤ የሃያና የሠላሳ ዓመቱ ይቀንሳል። ሰው ማርጀቱ አዲስ ነገር የለውም። አዲሱ ነገር ከኋላ የሚተካው ትውልድ ቁጥሩ ማነሱ ነው።

ጀርመንን እንውሰድ። በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅና በምዕራብ ጀርመን በድምሩ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ተወልዶ አያውቅም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቁጥሩ ወደ 800 ሺህ አካባቢ ወርዶ ነበር። የ1964 ልጆች ዛሬ ስድሳን ተሻግረዋል። ብዙ ሆነው ሥራ ገቡ፣ አሁን ብዙ ሆነው ሊወጡ ነው። መንግሥትም ይህን አይቶ በ2007 የጡረታ መውጫውን ከ65 ወደ 67 ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ሕግ አወጣ። ሙሉውን 67 ዓመት መጠበቅ የሚጀምሩት እነዚሁ የ1964 ልጆች ናቸው።

እሺ፣ ሰው እስከ 67 ይሥራ ተባለ። በምን ጉልበት? ይህን ጥያቄ ከምር የጠየቀ አንድ ፋብሪካ አለ፤ እሱን ሰፋ አድርጌ ላውራው።

ፋብሪካው በደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ ዲንጎልፊንግ በምትባል ከተማ የሚገኘው የቢኤምደብሊው ፋብሪካ ነው። በ2007 ኃላፊዎቹ ሒሳብ ሠሩ። የሠራተኞቻቸው አማካይ ዕድሜ 39 ነበር። በ2017 ግን 47 እንደሚደርስ ታያቸው። ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የመኪናን የኋላ ጎማ የሚያዞረው የማርሽ ክፍል የሚገጣጠምበትን አንድ መስመር መረጡ፤ ብዙ የእጅ ሥራ ያለበት ነው። 42 ሠራተኞች መደቡበት። አማካይ ዕድሜያቸው ሆን ተብሎ 47 እንዲሆን ተደረገ። የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣውን ፋብሪካ ዛሬውኑ ሠርተው አዩት ማለት ነው። ሌላው ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ «የጡረተኞች መስመር» ይለው ነበር።

ከዚያ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠየቋቸው። የት ያማችኋል? ምን ይከብዳችኋል? ምን ቢቀየር ይሻላል? መልሱ ትልቅ ማሽን ይገዛ የሚል አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው ወለሉ ጉልበት ይጨርሳል፤ የእንጨት ወለል ተነጠፈ። ለእግር የሚስማማ ጫማ ታደለ። ፀጉር ቤት የምናየው ዓይነት ወንበር ገባ፤ ሥራው ሲፈቅድ ተቀምጠው ይሠራሉ፣ በመሀልም አረፍ ይሉበታል። የኮምፒውተሩ ፊደል ተለቀ። ጥቃቅን ዕቃ ለማየት አጉሊ መነጽር ተሰቀለ። ጠረጴዛው እንደ ሰዉ ቁመት ከፍና ዝቅ የሚል ሆነ። አንድ ሰው ያንኑ ጡንቻ ሲያደክም እንዳይውል በፈረቃው መሀል ቦታ መቀያየር ጀመሩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም በየቀኑ የሚሠሩት የሰውነት ማፍታቻ አዘጋጀላቸው። በጠቅላላው 70 ያህል ትናንሽ ለውጦች ናቸው። ሠራተኞቹ ለመመካከር የተቀመጡበት ሰዓት ደመወዝ ተጨምሮ ወጪው 40 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው።

በዓመቱ የመስመሩ ምርታማነት በ7 በመቶ ጨመረ። ወጣቶች ከሚሠሩባቸው መስመሮች እኩል ሆነ። በሕመም የሚቀረው ሰው ከፋብሪካው አማካይ በታች ወረደ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ታሪክ ነው። ለውጦቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። ለአዛውንት ብቻ የሚጠቅም አንድም የለም። ስምንት ሰዓት ሲቆም የሃያ አምስት ዓመቱንም ልጅ ጉልበቱን ያመዋል። እሱ ግን አሁን ይችለዋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሃምሳ ሲሞላው ነው። ስለዚህ «ሠራተኞቻችን አረጁ» ብሎ የሚያማርር አሠሪ መጀመሪያ ወለሉን፣ መብራቱንና ወንበሩን ቢያይ እላለሁ።

ዕድሜ ምንም አያመጣም እያልኩ አይደለም። ከአርባዎቹ ጀምሮ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል። የስድሳ ዓመት ዓይን ከሃያ ዓመቱ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ጡንቻ ይቀንሳል፣ የሌሊት ፈረቃ ይከብዳል። የሥራ ላይ አደጋ ግን በብዛት የሚደርሰው በወጣቶቹ ላይ ነው፤ አንጋፋዎቹ ጥንቁቅ ናቸው፣ ከተጎዱ ግን ጉዳቱ ይከፋል፣ ለማገገምም ይቆያሉ። የሙያ ዕውቀት ደግሞ ቶሎ አይሸሽም። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግራችሁ ጋሼ በየጋራዡ አለ። ያንን ጆሮ ለማፍራት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

ጃፓን ከጀርመንም ቀድማ ነው እዚህ የደረሰችው። ከሕዝቧ 29 በመቶ የሚሆነው 65 ዓመት የሞላው ነው። ብዙ ኩባንያዎች በ60 ዓመት ጡረታ ያስወጣሉ። ከ2013 ጀምሮ ግን ሕጉ መሥራት የሚፈልገውን ሰው እስከ 65 እንዲያቆዩ ያስገድዳቸዋል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ 70 እንዲጥሩ ይላል። በብዛት የሚመረጠው መንገድ ሰውየውን ጡረታ አስወጥቶ በኮንትራት መመለስ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውየውም ሥራውም ያው ሆኖ ደመወዙ ብቻ በእጅጉ ያንሳል። ይህንን መፍትሔ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። አዛውንቱ ካልለቀቀ ወጣቱ የት ይግባ? ሥራ ያጣ ተመራቂ በየቤቱ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ የምር ነው። የሥራ መደቡ በቁጥር በተወሰነ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እውነትነት ሊኖረው ይችላል። በአገር ደረጃ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ፈረንሳይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጡረታ መውጫውን ከ65 ወደ 60 አወረደች። ለወጣቱ ቦታ ይለቀቃል የሚል ተስፋም ነበረበት። የወጣቱ ሥራ አጥነት ግን አልበረደም። የጡረተኛው ገንዘብ የሚመጣው ከሚሠራው ሰው ደመወዝ ከሚቆረጠው ነው። ጡረተኛው ሲበዛ መዋጮው ይጨምራል፣ ሰው መቅጠርም ይወደዳል።

ኢትዮጵያ ራሷ ገና ወጣት አገር ናት። ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። ነገሩ ቀድሞ የደረሰው በውጭ ባለው ወገናችን ላይ ነው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ የገቡት የያኔ ወጣቶች ዛሬ ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ፓርኪንግ፣ ታክሲና የአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ዛሬም ይሠራሉ።

እዚያ በ1960ና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። በ62 መጀመር ይቻላል፤ ግን 30 በመቶው ለዘለቄታው ይቀነሳል። ጡረታውን ራሱ ሠርቶ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ታክስ እየተቆረጠ በተሠራ ሥራ የሚጠራቀም ነጥብ፣ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ስለሆነ አሥር ዓመት መሥራት ማለት ነው። በ58 ዓመቱ በዲቪ የገባ ሰው ቢያንስ እስከ 68 ይሠራል። ታክስ ሳይቆረጥ በካሽ የተሠራው ጊዜ አይቆጠርም። አንድ ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1967 የወጣው ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ 40 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ሥራ እንዳይከለክል ወይም እንዳያባርር ያግዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የቤት ለቤት እንክብካቤው ነው። የ62 ዓመት ሴት የ85 ዓመት ሰው ከአልጋ አንስታ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፤ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ብቻዋን። ወገብ የሚሄደው እዚያ ነው። ሰው የሚያነሳ መሣሪያ ግን አለ። በነርሲንግ ሆሞች የተለመደ ነው፤ በግለሰብ ቤት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሐኪም ካዘዘው ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ለቤት የሚሆነውን ማንሻ ይሸፍናል። ዓመታዊው መነሻ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ከጸደቀው ዋጋ 80 በመቶውን ይከፍላል። ትእዛዙ የሚጻፈው በታማሚው ስም ስለሆነ፣ ሠራተኛዋ ጉዳዩን ለኤጀንሲዋና ለታማሚው ቤተሰብ ማንሳት አለባት፤ ወገቧ ሳይጎዳ በፊት።