የአምልኮ መታደስ በፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት ምንድን ነው?

«አምልኮአችን ይታደስ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ አዲስ ሚክሰር፣ ወደ ኪቦርድና ወደ ወጣት ዘማሪዎች ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚመራበት የፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት ግን ከዚያ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ጉባኤው እሑድ የሚያደርገው እያንዳንዱ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ይመዘናል፤ የጎደለው ይመለሳል፤ የተንዛዛው ይቀነሳል፤ ውሳኔውንም የሽማግሌዎች ጉባኤ ተወያይቶ በቃለ ጉባኤ ያሰፍረዋል። በዚህ መንገድ ያለፈ ለውጥ ነው መታደስ የሚባለው። የአምልኮ መሪው ወይም ቄሱ ብቻውን ያመጣው ለውጥ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

ይህ ትውፊት ወደ አገራችን በዋናነት የገባው በምዕራብ በኩል ነው። ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ ላይ ከጀመረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ወጣች። በ1947 ራሷን ችላ ቆመች፤ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በጣልያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ጉባኤዎቹ አልተበተኑም፤ እንደ ዓይነ ስውሩ ጊዳዳ ሶለን ያሉ የአገሩ አገልጋዮች ይዘዋቸው ቆዩ። ሽማግሌዎች የሚመሩት ቤተ ክርስቲያን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ስለ መታደስ ስንነጋገርም ከሽማግሌዎች የምንጀምረው ለዚህ ነው።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያለ አጥቢያ ይህን ሥራ ቢጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ክርክር «ማን ይወስናል?» የሚለው ነው። በብዙ ፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት ድንበሩ የታወቀ ነው። የሚነበበውን ክፍል፣ ስብከቱን፣ ጸሎቱንና መዝሙሩን የመምረጥ ኃላፊነት የቄሱ ነው። አምልኮ በስንት ሰዓትና የት እንደሚሆን፣ የጌታ እራት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ የሚወስነው ቄሱ በሊቀ መንበርነት የሚመራው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፕሬስቢተሪ፣ ከየአጥቢያው የተላኩ ቄሶችና ሽማግሌዎች አብረው የሚቀመጡበት ጉባኤ ሲሆን ሁለቱንም ይቆጣጠራል። ኳየሩ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረ ኳየሩ ሥራው የተነጠቀ መስሎት ያኮርፋል፤ ያኮረፈ ኳየር ደግሞ ጉባኤውን ለሁለት ሊከፍል ይችላል።

ቀጥሎ መለካት ነው። አንድ ሽማግሌ ሰዓትና ደብተር ይዞ አራት እሑድ ኋላ ይቀመጥና ለመዝሙር፣ ለንባብ፣ ለስብከት፣ ለማስታወቂያ ስንት ደቂቃ እንደሄደ ይጽፋል። ቁጥሩ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይደነግጣሉ፤ ማስታወቂያው ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ ብዙ እጥፍ በልጦ ይገኛል። የኃጢአት ኑዛዜ የለም፤ ለከተማው፣ ለታመሙና ለመንግሥት የሚደረግ የምልጃ ጸሎትም የለም። እ.ኤ.አ. በ1645 የወጣው የዌስትሚንስተር የአምልኮ መመሪያ በየጉባኤው ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን አንዳንድ ምዕራፍ እንዲነበብ ያዛል። ዛሬ ሙሉ ምዕራፍ ቢከብድ እንኳ ከሁለቱም ኪዳን ማንበብ ሊቀር አይገባም።

የ110 ደቂቃ አምልኮ እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦ የአምልኮ ጥሪ 3፣ ምስጋናና መዝሙር 20፣ ኑዛዜና የይቅርታ ቃል 6፣ ንባብ 8፣ ስብከት 35፣ ምልጃ 10፣ መባ 8፣ የጌታ እራት 15፣ ማስታወቂያ 3፣ ቡራኬ 2። እራት በማይኖርበት እሑድ የሚተርፈውን 15 ደቂቃ ስብከቱ እንዳይወስደው ጠብቁት፤ ለምልጃና ለመዝሙር ይዋል። ከኑዛዜ በኋላ የይቅርታው ቃል መከተሉም ግዴታ ነው። እሱ ሲዘለል ሰው ሸክሙን አውርዶ ሳይሆን ሸክሙን ቆጥሮ ይቀመጣል።

መዝሙር ላይ ወሎ ሌላው የሌለው ሀብት አለው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው የካልቪን ከተማ ጄኔቫ መዝሙረ ዳዊትን በሙሉ ለጉባኤ ዜማ አዘጋጅታ በ1562 ጨርሳለች፤ ስኮትላንድም ተከትላለች። ያ የአውሮፓ ዜማ ግን ደሴ ላይ ተተክሎ አይበቅልም። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ናቸው፤ የአገራችን ዜማ ከሚዜምባቸው ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው ከእነዚሁ አገሮች ነው። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» የሚለው መዝሙር 46 በባቲ፣ «አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጠራሁ» የሚለው 130 በትዝታ ቢዜም ምእመኑ ዜማውን ለመልመድ ወራት አይፈጅበትም። እዚህ ላይ የሚበላሸው አጃቢው ነው። አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ፍላት ናቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በልምድ የዶ ሜጀር ኮርድ ሲይዝ በቅኝቱ ውስጥ የሌለችው ሚ ትገባለች፤ አምባሰሉም ጠፋ ማለት ነው። ዶንና ሶን ብቻ ይዞ ዜማውን መከተል ይበቃዋል። የዜማው ከፍተኛ ድምፅ ከላይኛዋ ሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ አባቶች ዝም ይላሉ፤ ጉባኤው ተመልካች ይሆናል።

ማንበብ የማይችል ሰው ስላለም መጨነቅ አያስፈልግም። የ1645ቱ መመሪያ ራሱ አንድ ሰው ስንኙን አስቀድሞ እንዲያነብና ጉባኤው ተቀብሎ እንዲዘምር ፈቅዷል። አውጪና ተቀባይ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ግጥሙ በወረቀት ሲታተም ግን ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ፤ በኦርቶዶክስ መዝሙረ ዳዊት 46ኛው 45ኛ፣ 130ኛው 129ኛ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ዳዊቱን ገልጦ ሌላ መዝሙር ሲያገኝ ግራ እንዳይገባው ነው።

ድምፅ ማጉያው ወደ አዳራሹ ውስጥ ይዙር። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖሩበት ሰፈር ወደ ውጭ የተሰቀለ ስፒከር አምልኮን አያድስም፤ ጉርብትናን ግን ይጎዳል።

የጌታ እራት የመታደስ ሁሉ እምብርት ነው። ካልቪን ቢያንስ በየሳምንቱ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ የጄኔቫ ምክር ቤት በዓመት አራት ጊዜ ላይ አቆመው። የስኮትላንድ የ1560 የሥርዓት መጽሐፍም አራት ጊዜ አለ፤ በብዙ ቦታ ግን በዓመት ወደ አንድ ጊዜ ወርዶ ቀረ። ስለዚህ ከሁለት ጊዜ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ወርኃዊ ማደግ ለትውፊቱ እንግዳ የሆነ ነገር ማምጣት አይደለም። አዘውትረን ካደረግነው ክብሩ ይቀንሳል የሚል ሥጋት ይነሳል፤ ክብሩን የሚቀንሰው ግን ያለ ዝግጅት መቅረብ ነው።

ዝግጅቱ ሁለት ነው። አንዱ የእጅ ሥራ ነው። 20 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጽዋ አንድ ሊትር 50 ሰው ያደርሳል፤ ለ120 ሰው ሁለት ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። የወይን ጭማቂ ካልተገኘ ግማሽ ኪሎ ዘቢብ አጥቦ በአንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውኃ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ጠዋት አሽቶ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማጥለል ነው። ቅዳሜ ማታ ይሠራ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችና ሞቃታማ ናት፤ ዓርብ የተዘጋጀው ያለ ፍሪጅ ካደረ እሑድ እንደ ጠጅ ፈልቶ አልኮል ሊይዝ ይችላል፤ መጠጥ የተወ ሰው ደግሞ በማዕዱ ሊፈተን አይገባም። ዳቦው በምእመኑ ፊት ይቆረስ እንጂ ተከትፎ አይምጣ።

ሁለተኛው ዝግጅት ጥየቃ ነው። 60 ቤተሰብና 5 ሽማግሌዎች ካሉ ለአንዱ 12 ቤት ይደርሰዋል። በሳምንት አንድ ቤት ቢጠይቅ በሦስት ወር ሁሉንም ያዳርሳል፤ እራቱ በዓመት አራት ጊዜ ሲሆን ጥየቃውና ማዕዱ የሚገጥሙት በዚህ ስሌት ነው። ሽማግሌው የተጣላ ካለ ያስታርቃል፤ የታመመ ካለ ይመዘግባል፤ አብሮ ይጸልያል። ለመባ ማሳሰቢያ የሚሄድ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ በሩ አይከፈትለትም። የቤተሰቡን ቅሬም ይጠይቅ። በወሎ ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በለቅሶ የሚያገናኝ ማኅበር ነው፤ ከቅሬው የራቀ ምእመን ቀብር ሲመጣ ብቻውን ይቀራል፤ ሽማግሌ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በፈረቃ የሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ ጠዋት ሥራ ላይ ወይም እንቅልፍ ላይ ናቸው። መፍትሔው ለእነሱ የተቆረጠ አጭር ፕሮግራም መስጠት አይደለም፤ ንባብ፣ ኑዛዜ፣ ስብከትና እራት ያለው ሙሉ አምልኮ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደረግላቸው። ይህን የሚወስነው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ ቄሱና ቢያንስ ሁለት ሽማግሌዎች ይገኛሉ፤ የተሳታፊው ብዛትም እንደ ጠዋቱ በመዝገብ ይገባል። ለታመሙ የሚወሰደው ማዕድ በዚያው ቀን፣ ቄሱና አንድ ሽማግሌ አብረው ሄደው ይሰጡታል፤ ከመስጠታቸው በፊትም በጠዋቱ አምልኮ የተነበበውን ክፍል እዚያው አልጋው አጠገብ ያነቡለታል።