መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ጉዳቱ የቀነሰ የመድኃኒት ጥምረት

ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ የተባሉት ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች የማያጠፉት ቲቢ መድኃኒት የተላመደ ይባላል። ታካሚው ለረጅም ዘመን ከ18 እስከ 24 ወር እፍኝ ሙሉ ክኒን ይውጥ፣ ለወራትም መርፌ ይወጋ ነበር። ከመርፌዎቹ አንዱ ካናማይሲን የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳል፤ የሄደ መስማት ደግሞ አይመለስም። ሳንባው ድኖ ጆሮው የደነቆረ ሰው ብርቅ አልነበረም።

መርፌውን ዝም ብሎ ማስቀረት ግን አይቻልም። የቲቢ ባክቴሪያ አንድ መድኃኒት ብቻውን ከገጠመው ቶሎ ይላመደዋል፤ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስትሬፕቶማይሲን ለብቻው ሲሰጥ የታየው ይኸው ነው። የመርፌውን ቦታ የያዘው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የፈቀደችው ቤዳኩዊሊን ነው። ኢትዮጵያም በተሳተፈችበት የስትሪም ጥናት ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ቤዳኩዊሊን ከወሰዱት 83 በመቶ ያህሉ ሕክምናቸው ሲሳካ ከመርፌ ወሳጆቹ 71 በመቶው ብቻ ተሳካላቸው። የመስማት ጉዳት በአንጻሩ 2 እና 9 በመቶ ነበር።

ከአዲሱ ጥምረት መድኃኒቶች ሁሉ አስቸጋሪው ሊኔዞሊድ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ያግዳል፤ የሰው ሕዋስ ጉልበት የሚያመነጭበት ማይቶኮንድሪያም ተመሳሳይ ራይቦዞም ስላለው አብሮ ይመታል። ነርቭና መቅኒ ይጎዳሉ። በደቡብ አፍሪካ 109 ሕሙማንን ያሳተፈው ኒክስ-ቲቢ የተባለ ጥናት ሊኔዞሊድን በቀን 1200 ሚሊግራም፣ ከቤዳኩዊሊንና ከፕሪቶማኒድ ጋር ለስድስት ወር ሰጠ። 90 በመቶው ተሳካላቸው፤ 81 በመቶው ግን እጅ እግራቸውን ይደነዝዛቸው ወይም ያቃጥላቸው ጀመር።

ተከታዩ ዜኒክስ አዲስ መድኃኒት አልፈለገም፤ የሊኔዞሊድን መጠንና ጊዜ ቀናንሶ አወዳደረ። 600 ሚሊግራም ለ26 ሳምንት የወሰዱት 91 በመቶ ተሳካላቸው። በዚያው ጥናት 1200 ለ26 ሳምንት ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የነርቭ ጉዳቱ ከ38 ወደ 24፣ የመቅኒ መዳከሙ ከ22 ወደ 2 በመቶ ወረደ። ጊዜውን ጭምር ወደ 9 ሳምንት ሲያሳጥሩት ግን ስኬቱ 84 በመቶ ሆነ፤ ቁጠባውም ልክ አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሞክሲፍሎክሳሲን ታክሎበት የስድስት ወሩን ጥምረት መከረ። ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን ሁለቱም ልብ ከምት በኋላ በኤሌክትሪክ ዳግም የሚዘጋጅበትን ጊዜ ስለሚያራዝሙ የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) በየጊዜው ይነሳል፣ ደም ይመረመራል፤ በቀለም ነጠብጣብ የተሠሩ ቁጥሮችን ማስነበብም የዓይን ነርቭን ጉዳት ቀድሞ ለመያዝ ነው። ይህ ጥምረት ለነፍሰ ጡሮችና ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ለእነሱ በደቡብ አፍሪካ የተሞከረውና በፕሪቶማኒድ ፋንታ ዴላማኒድን የያዘው ሌላ የስድስት ወር ጥምረት ቀርቧል።