«ተመዘገብን እንዴ?» እና ሌሎች የቶሮንቶ ወሬዎች

ባሕር ዳር ላይ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥና የቪዛ ማመልከቻ መሙላት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከጎጃም ወደ ቶሮንቶ የሚሄደው ደንበኛዬ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ሊያስመርቅ፣ ሠርግ ሊበላ ወይም የልጅ ልጅ ክርስትና ሊያነሣ ነው። ዋጋ ተስማምተን ሊከፍል ሲል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ ያስጠጋና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ከተማዋ የነዚያ ሰዎች ናት ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ከተማዋ በሙሉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናት።» አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ግማሽ የሚጠጉት ከካናዳ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ሕንዱም፣ ቻይናውም፣ ፊሊፒኖውም አለ። የእኛም ሰው በዳንፎርዝ ጎዳና እንጀራ ይሸጣል።

«ሰፈራቸው የታጠረ ነው፤ በዚያ ያለፈ ሰው ይተናኮሉታል።» ቸርች እና ዌልስሊ የሚባሉት ጎዳናዎች የሚገናኙበት የከተማው መሃል ነው፤ ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር። አጥር የለውም። መድኃኒት ቤትና ቡና ቤት አለው።

«ካናዳ ድሮም እንዲህ ነበረች።» እስከ እ.ኤ.አ. 1969 ድረስ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እዚያም ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1981 የቶሮንቶ ፖሊስ በአንድ ሌሊት እንዲህ ያሉ ወንዶች የሚገናኙባቸውን አራት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ወርሮ ወደ 300 የሚጠጉ ወንዶችን አሰረ፤ በማግሥቱ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላው አገሪቱ ሕጋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነገር ነው እንግዲህ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ «ቀስተ ደመና የለጠፈ ሆቴል ያደረ ሰው ከእነርሱ ጋር ይመዘገባል።»

ሁለት ወንድማማቾች፣ የቢቸና ልጆች፣ ለእህታቸው ሠርግ ሄዱ። የእህታቸው ቤት ጠባብ ስለሆነ ሆቴል የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ ወጪ ለመቀነስ ባለ አንድ አልጋ ክፍል። በእኛ አገር ወንድም ከወንድሙ ጋር አንድ ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚያድገው። በጣና ዳር ጎልማሳ ወንዶች ትንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ሲሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ እዚያ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ታናሽየው ነበር፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እንግዳ ተቀባይዋ «አልጋው አንድ ነው፤ ይስማማችኋል?» ብላ ጠይቃቸው፣ አዎ ሲሏት ፈገግ ብላ ቁልፉን ሰጥታቸዋለች። ይኼኔ ከመስታወቱ ጥግ አንዲት ጣት የምታህል ባለ ስድስት ቀለም የቀስተ ደመና ተለጣፊ አየ።

«አሁን እኛ ተመዘገብን እንዴ?» አለኝ።

የት? በማን መዝገብ? ሆቴሉ የያዘው የፓስፖርታቸውን ቅጂና የባንክ ካርድ ቁጥር ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሆቴልም መታወቂያ ይይዛል። ተለጣፊው ስለ እንግዳው የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው፦ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ቢጠይቁ አናባርርም፣ አናፌዝም ማለት ነው። ባይለጠፍም ለውጥ የለውም፤ ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር በዚህ ምክንያት እንግዳ መመለስ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። በዚያ ሌሊትስ ማን ተጠቀመ? ሁለት ወንዶች አንድ አልጋ ጠይቀው ማንም ዓይኑን አላፈጠጠባቸውም። ይህን ብዬው ስልኩን ዘጋሁና እንቅልፌ ሳይመለስ ነጋ።

እናታቸው በኋላ የልጆቿን ፎቶግራፍ ልታሳየኝ ቢሮዬ መጥታ ነበር። ተለጣፊዋ ከበስተጀርባ ትታያለች። «እይ እንግዲህ፣ የማርያም መቀነት ለጥፈዋል፤ ደግ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ባንዲራ መሆኑን ለእማማ ማስረዳት አልሆነልኝም። ደግ ሰዎች ናቸው ማለቷም ስህተት አልነበረም።

«እንደዚያ ነኝ ያለ ሰው ቪዛ ይሰጠዋል።» ይህን የሚያወሩ ደላሎች ናቸው፤ ገንዘብም ይቀበሉበታል። የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ማንን እንደምትወድ የሚሞላ ቦታ የለውም። የሚጠየቀው ገንዘብህ፣ ሥራህ፣ ተመልሰህ የምትመጣበት ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው የሚከለከለውም ይመለሳል ተብሎ ስለማይታመን ነው። ጥገኝነት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጠያቂው ቃሉን በዝርዝር ይመረመራል። በዚህ የሚዋሽ ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ ነገሩ እውነት የሆነበትን ሰው ቃልም ያስጠረጥራል።

እውነት የሆነበት ሰው ደግሞ በእኔም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቅ ይሆናል። አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያ ሕጋዊ የሆነው እዚህ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ ስትመለስ ስልክህ ውስጥ ምን እንዳለ አስብ።

«ሰልፋቸው ሁልጊዜ ነው፤ መንገድ ያዘጋል።» ትልቁ ሰልፍ በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ፣ እሑድ ቀን ነው። ችግሩ የሆቴል ዋጋ ነው። ምርቃት ሰኔ ላይ የሚሆንባችሁ፣ እባካችሁ ክፍል ከመጋቢት በፊት ያዙ፤ መሃል ከተማ ካልሆነላችሁ በምድር ባቡሩ መስመር ዳር ፈልጉ፤ ከአየር ማረፊያው በታክሲ ከመሄድ በባቡር ሂዱ፣ ዩኒየን ጣቢያ በ25 ደቂቃ ያደርሳል። ዋጋ ላይ የሽያጭ ታክስ 13 በመቶ እንደሚጨመር ደግሞ አትርሱ፤ ሁሌ «ሸወዱኝ» እያለ የሚደውልልኝ ሰው አለ።

«ቅቤና ቋንጣ ማንም አይነካውም።» ይነካዋል። ምግብ የያዘ ሰው ሲደርስ ማሳወቅ አለበት፤ ሳያሳውቅ የተገኘበት ይወረስበታል፣ ይቀጣልም። ስለ ተለጣፊ ግማሽ ሰዓት ያደረቁኝ ሰዎች ሻንጣቸው ውስጥ ስላለው አምስት ኪሎ ቅቤ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።