ኳርተርባክ ብቻውን አይወድቅም፦ ስለ ዋሽንግተን ቡድን ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የአገራችን ሰው በሚሰበሰብባቸው ቤቶች አንዱ ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን፣ ሌላው የአሜሪካን ፉትቦል ያሳያል። እኔ ወንበሬን ወደ ሁለተኛው ካዞርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነኝ። ቡድኑ ሲሸነፍ ከጎኔ ያሉት የሚሉትን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ኳርተርባኩ አይረባም።» ሲያሸንፍ ደግሞ «ይህ ልጅ ብቻውን ተሸከመው» ይባላል። ሁለቱም ንግግሮች አንድ እናት የወለደቻቸው ስህተቶች ናቸው። እሑድ የምናየው አብዛኛው ነገር የተወሰነው ሜዳው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው፤ በማርች የዝውውር ገበያ ሲከፈት፣ በኤፕሪል አዳዲስ ተጫዋቾች በድራፍት ሲመረጡ። የአንድን ወጣት ስም ከማንሳታችን በፊት ያንን ወቅት ብናስታውስ ፍርዳችን ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ።

ለአዲስ ተመልካች ባጭሩ፦ ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ ልወርውር፣ ለሯጭ ልስጥ ወይስ ራሴ ልሩጥ ብሎ የሚወስነው ሰው ነው። ከፊቱ የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒው እንዳይደርስበት ይከላከሉለታል። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ያሸነፈውም የተሸነፈውም ኳርተርባኩ ነው»

በ2023 ዋሽንግተን 4 ጨዋታ አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በ2024 ደግሞ 12 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ። በመካከሉ ጄይደን ዴኒየልስ በድራፍቱ ሁለተኛ ሆኖ ተመርጦ መጥቷል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ልዩነቱን ለእሱ ሰጠው። ትልቁ ልዩነት እሱ መሆኑን እኔም አልክድም፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተብሏል፣ በእግሩ ብቻ 891 ያርድ ሮጦ የአዲስ ኳርተርባኮችን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ነገር ግን በዚያው የእረፍት ወቅት ጄኔራል ማናጀሩ አዳም ፒተርስ፣ ዋና አሠልጣኙ ዳን ኩዊን፣ የማጥቃት አሠልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ አዲስ ገብተዋል። በማጥቃት መስመሩ መሃል የሚቆመው ታይለር ቢያዳሽ፣ ልምድ ያለው ተቀባይ ዛክ ኤርትዝ፣ የመከላከሉ አዛዥ ቦቢ ዋግነር፣ ሁሉም የመጡት በዚያው ማርች ነው።

ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ከቺካጎ ጋር የነበረውን የመጨረሻ ውርወራ ያላየ የዋሽንግተን ደጋፊ የለም። 15 ለ12 እየተመራን ጥቂት ሰከንዶች ቀርተዋል። ዴኒየልስ ኳሷን ይዞ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራ ሸሸ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መሃል መጥቶ ወደ ሰማይ ለቀቃት። ብዙ ሰው ጫፍ ላይ ተሻማባት፤ ኳሷ ከእጅ ተነክታ ከሰዎቹ ኋላ ብቻውን ቆሞ የነበረው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ15። የነበርኩበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድም የቡና ስኒ ቀጥ ብሎ አልቀረም። ሁላችንም ደጋግመን ያየነው ግን ኳሷን ነው። እስቲ ተመልሳችሁ የመስመሩን ሰዎች ብቻ ተከተሏቸው። ኳሷ ከእጁ እስክትወጣ 13 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ለአንድ ውርወራ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ እንደ ጥሩ ሥራ በሚቆጠርበት ጨዋታ እነዚያ ሰዎች እየዞሩ፣ ያለፋቸውን እየተከተሉ፣ እንደገና እየገፉ ቆዩ። ያ ድል የውርወራው ያህል የእነሱም ነው።

«ኳሷን ሳይለቅ መሬት ላይ የተጣለው በመስመሩ ጥፋት ነው»

ይህኛው ከመጀመሪያው ተቃራኒ ይመስላል፤ ስህተትነቱ ግን ያው ነው። የዋሽንግተን ኳርተርባክ ሳም ሃወል በ2023 ሁሉንም 17 ጨዋታዎች ጀምሮ 65 ጊዜ ኳስ በእጁ እንዳለ መሬት ላይ ተጥሏል። 21 ውርወራዎቹም በተቃራኒ ቡድን ተጠልፈዋል፤ በሊጉ ከማንም በላይ። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ መስመሩን፣ ግማሹ ልጁን ረገመ። ሁለቱም ወገን ያልቆጠረው ቁጥር 612 ነው። ያ ሃወል በዚያ ዓመት የወረወረው ብዛት ሲሆን እሱም ከሊጉ ከፍተኛው ነበር። በድራፍቱ አምስተኛ ዙር የተመረጠ፣ ከዚያ በፊት አንድ ጨዋታ ብቻ የጀመረ ልጅ፣ በደከመ መስመር ጀርባ፣ ከማንም በላይ እንዲወረውር ታዘዘ። አዎ፣ ኳሷን አብዝቶ ይይዛት ነበር። ግን አብዝቶ እንዲወረውር ያዘዘውም፣ ከፊቱ ማን እንደሚቆም የወሰነውም እሱ አይደለም።

ዴኒየልስም ቢሆን በዚያ በተመሰገነበት ዓመት 47 ጊዜ ተጥሏል። ፈጣን እግሩ ብዙውን ሸፈነልን እንጂ ችግሩ አልጠፋም። አለቆቹ ይህን እንዳዩት የምናውቀው በ2025 የእረፍት ወቅት ላረሚ ተንሲልን ከሂውስተን በድራፍት ምርጫዎች ለውጠው ማምጣታቸውን፣ በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ጆሽ ኮነርሊን ለዚያው መስመር መምረጣቸውን ስንመለከት ነው። በዚያ ማርች «ለምን ትልቅ ተቀባይ ላይ አላተኮሩም?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ዲቦ ሳሙኤልም መጥቶ ነበር፤ ከሁለቱ ግን ለእኔ የሚበልጠው ተንሲል ነበር፤ አሁንም ነው።

«የኳርተርባክ ነጥቡ ከፍ ካለ ጥሩ ተጫውቷል»

በቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚጻፈው ነጥብ ጣሪያው 158.3 ነው፤ ለምን እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አራት ነገሮችን ብቻ ያደባልቃል፦ የተሳኩ ውርወራዎች ድርሻ፣ በአንድ ውርወራ የተገኘ ያርድ፣ የታችዳውን (ኳሷ የተቃራኒውን መጨረሻ መስመር አልፋ ነጥብ የሚገኝበት) ድርሻ እና የተጠለፉት ድርሻ። ሩጫ የለበትም። ኳስ ይዞ መጣል የለበትም። ኳስ ከእጅ መውደቅም የለበትም። ተቀባዩ ደረቱን መትታ ያመለጠችው ኳስ ከኳርተርባኩ ላይ ትቀነሳለች፤ ሁለት ያርድ ብቻ ተወርውራ ተቀባዩ 60 ያርድ የሮጠባት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ትጻፋለች። እንደ ዴኒየልስ ላለ ሰው ይህ ሚዛን ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚመዝነው።

«ጉዳት ዕድል ነው»

በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፤ እስከዛሬ ያመኛል።

በ2012 ኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛው ሲመጣ ይህ ከተማ በዓል ላይ ነበር። ዲሴምበር 9 ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተመታ። አንድ ጨዋታ ዐረፈ፤ በእሱ ፈንታ የገባው ሌላው አዲስ ልጅ ከርክ ከዚንስ ክሊቭላንድን 38 ለ21 አሸነፈ። ግሪፈን ጉልበቱን በድጋፍ ታጥሮ ተመለሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ከሲያትል ጋር 14 ለ0 መራን። ከዚያ እያነከሰ መሆኑን ከሜዳው ቀርቶ ከሳሎናችን ሆነን አየነው። ሣሩ የተበላሸ ነበር። ከዚንስ ከሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ልጁ «እችላለሁ» አለ፤ የ22 ዓመት ወጣት ሌላ ምን ይላል? አሠልጣኞቹ አመኑት። በአራተኛው ሩብ ጉልበቱ ከሥሩ ከዳው። 24 ለ14 ተሸነፍን፤ እሱም ቀዶ ሕክምና ገባ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ግን ተሰልፎ ነበር፤ ቡድኑ ዓመቱን 3 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የ2012ቱ ግሪፈን ተመልሶ አልታየም። ምቱ ዕድል ሊሆን ይችላል። ከምቱ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን ውሳኔ ነው።

በእርግጥ ማንም ሊያስቀረው የማይችል ጉዳትም አለ። የዋሽንግተን ኳርተርባክ ጆ ታይስማን እግሩ የተሰበረው ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ነው። ሌላው የቡድኑ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝም እግሩ የተሰበረው ልክ ከ33 ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018። ሁለቱም ጨዋታዎች 23 ለ21 አለቁ። ስሚዝ 17 ቀዶ ሕክምና አልፎ በ2020 ተመልሶ ሜዳ ገባ። ኢንፌክሽን ሕይወቱን ሊቀጥፍ የነበረ ሰው ኳስ ይዞ ሲቆም ሳየው አልቅሻለሁ፤ መናገሩ አያሳፍረኝም።

«ውድ የተከፈለበት ይሻላል»

ግሪፈንን ለማግኘት ዋሽንግተን ለሴንት ሉዊስ የከፈለው የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና በላያቸው አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነበር። ከዚንስ በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር ተመረጠ። ከታላላቆቹ ኳርተርባኮች አንዱ የሆነው ቶም ብሬዲ በ2000 የተመረጠው 199ኛ ሆኖ መሆኑን የማያውቅ ደጋፊ የለም። ግን ከዚህ «ድራፍት ሎተሪ ነው» ብሎ መደምደም ሌላ ስህተት ነው። ለአንድ ልጅ ብዙ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የመክፈል ዋናው ጉዳቱ ልጁ ባይሳካ ብቻ አይደለም፤ ቢሳካም እንኳ የሚጠብቁትንና ኳስ የሚቀበሉትን ሰዎች መምረጫ ዕድል አስቀድሞ ይበላል። ግሪፈን ከፊቱ የሚቆሙ ጥሩ ወጣቶች ያስፈልጉት በነበረ ጊዜ እነዚያ ምርጫዎች ሴንት ሉዊስ ነበሩ።

«አንድ ዓመት ጠብቀን እንየው»

ጥንቃቄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው መንገድ ነው። ከዚንስ ቦታውን ሲይዝ አለቆቹ ረጅም ውል በጊዜ አልተስማሙም። በ2016 ለአንድ ዓመት ብቻ በሚያስር ልዩ ውል 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ2017 እንደገና በዚያው መንገድ 24 ሚሊዮን ገደማ ከፈሉት። ሁለት ዓመት ተመለከቱት፤ እሱም ሁለት ዓመት ተመለከታቸው። በ2018 ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው የ84 ሚሊዮን ዶላር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ።

«ያሰናበቱት ተጫዋች ከሂሳብ ይወጣል»

የሊጉ ቡድኖች ሁሉ የደመወዝ ጣሪያ አለባቸው፤ በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተጫዋቹ ሲፈርም በእጁ የሚሰጠው ጉርሻ ግን በሂሳብ መዝገቡ ላይ እስከ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይጻፋል። 50 ሚሊዮን ጉርሻ ለአምስት ዓመት የፈረመ ሰው በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ይቆጠርበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢያሰናብቱት የቀረው 30 ሚሊዮን አብሮት አይሄድም፤ ሰውየው በሌለበት እዚያው ይቆጠራል። ዴንቨር በማርች 2024 ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት እንዲህ ያለ 85 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ በሁለት ዓመት ተሸከመ። «አለቀላቸው» ተባለ። ዴንቨር ግን ርካሽ ውል ያለውን አዲሱን ቦ ኒክስን ይዞ በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ ገባ። ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በእጁ የሚተርፈው ገንዘብ ይህን ያህል ያደርጋል። ዋሽንግተንም ከዴኒየልስ ጋር ያለው ያ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ይሮጣል።

«በማርች ብዙ ያወጣ ያሸንፋል»

በ2009 ለአልበርት ሃይንስዎርዝ የሰባት ዓመት፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠን። በዚያ ዓመት 4 አሸንፈን 12 ተሸንፈን ጨረስን፤ በ2011 በአምስተኛ ዙር ምርጫ ተሸጠ። ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገኝም።

«ታላቅ ኳርተርባክ የሌለው ዋንጫ አይነሣም»

ይህን የሚሉኝ ብዙዎቹ በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ናቸው። የቀድሞው አሠልጣኝ ጆ ጊብስ ከዋሽንግተን ጋር ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ) ያሸነፈው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፦ ታይስማን፣ ደግ ዊሊያምስ፣ ማርክ ሪፒን። ያልተለወጠው ከፊታቸው የነበረው መስመር ሥርዓት ነው፤ በዚህ ከተማ እስከ ዛሬ «ሆግስ» እየተባሉ በፍቅር የሚጠሩት ሰዎች።

ደግ ዊሊያምስን ጊብስ ያወቀው በ1978 በታምፓ ቤይ አብረው ሲሠሩ ነው። በ1986 ዊሊያምስ ይጫወትበት የነበረው ሌላ ሊግ ሲፈርስ ጊብስ ተጠባባቂ እንዲሆን አመጣው። በ1987 መደበኛ ውድድር ሁለት ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ከዴንቨር ጋር በተደረገው ሱፐር ቦውል ግን ኳሷ በእጁ ነበረች፤ ጨዋታውን የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ። በመጀመሪያው ሩብ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፣ ተመለሰ፣ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ታችዳውን ወረወረ። 42 ለ10 አለቀ። በዚያው ቀን ቲሚ ስሚዝ የሚባል አዲስ ሯጭ ከዚያ መስመር ጀርባ 204 ያርድ ሮጧል፤ ያ ቁጥር ዛሬም የሱፐር ቦውል ክብረ ወሰን ነው።