ካሜራው እጅ ላይ ብቻ ሲቀር፦ አጫጭር ፊልሞችና ኦሲዲ

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ኦሲዲ (OCD) ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም የተሠሩ አጫጭር ፊልሞች ሞልተዋል። ሕመሙ ባጭሩ ይህ ነው፦ የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨንቃል፣ ጭንቀቱን ለማብረድ ደግሞ ሰውየው አንድን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል። ደብረ ብርሃን ላይ በስልካቸው ፊልም ለሚሠሩ ልጆችና ለተመልካቾቻቸው ነው የምጽፈው። ፊልሞቹ የሚያሳዩን ደጋግሞ የሚታጠብ እጅ ነው፤ ሕመሙ ያለው ግን ጥርጣሬው ውስጥ ነው። ፊልሞቹ የሚያስተላልፏቸውን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኦሲዲ ማለት ጽዳት መውደድ ነው።»

አይደለም። ጽዳት የሚወድ ሰው አጽድቶ ሲጨርስ ደስ ይለዋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው መጨረሱን ራሱ ማመን ያቅተዋል። ከጽዳት ጋር የማይገናኝ ኦሲዲ ያለባቸውም ብዙ ናቸው። የግድ እጅ መታጠብ ይታይ ከተባለ፣ በሚያብረቀርቅ መታጠቢያ ቤት ሳይሆን በእኛው ብርድ ይቀረጽ። ውርጭ የወረደበት የኅዳር ጠዋት፣ የጆግ ውሃ፣ አንጓው ላይ ተሰነጣጥቆ ደም ያዘለ እጅ፣ እያቃጠለውም እንደገና ሳሙናውን የሚያነሳ ሰው። እንዲህ ያለውን አይቶ «እኔም እኮ ትንሽ ኦሲዲ አለብኝ» የሚል አይኖርም።

«በዓይን ካልታየ ኦሲዲ አይደለም።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ ስለ ታቦቱ የስድብ ሐሳብ ድንገት የሚመጣበት ምእመን አለ። ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ለማንም አይናገርም። አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራል፣ አንዷ ቃል በልቤ አልወጣችም ብሎ ከመጀመሪያው ይደግማል፣ ደግሞ ይደግማል፣ ሕዝቡ ተሰናብቶ ሲሄድ እሱ ገና አልጨረሰም። የሚያየው ሰው «እንዴት ያለ ጸሎተኛ ነው» ይላል። ነፍስ አባቱ ጋ ሄዶ የተናዘዘውን ያንኑ ሐሳብ በሳምንቱ ተመልሶ ይናዘዛል። ይህ ሁሉ ኦሲዲ ሊሆን ይችላል፤ መቁጠሩም መድገሙም በጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሊካሄድ ይችላልና። ፊልም ላይ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ወዲያው ጋኔን ይጮህበታል። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሄዶ ጸበል መጠመቁ ክፋት የለውም። ጥፋቱ ገጸ ባሕርዩ ኪኒኑን ወርውሮ ሲድን ማሳየቱ ላይ ነው፤ ያንን አይቶ ቤቱ ያለውን መድኃኒት የሚያቆም ሰው ይኖራል።

«ክፉ ሐሳብ የሚመጣበት ሰው አደገኛ ነው።»

ከአራስ ቤት ገና የወጣች እናት ሽንኩርት እየከተፈች «ቢላውን ልጄ ላይ ባሳርፈውስ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ቢላዎቹን ሁሉ ትደብቃለች፣ ልጁን ለማጠብ እንኳ እናቷን ትጠራለች። የሚያስጨንቃት ፍላጎቷ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ጤነኛ በሚባለውም ሰው ላይ ይመጣል። ጤነኛው ንቆ ያልፈዋል፤ ኦሲዲ ያለበት «እንዲህ ካሰብኩማ ምን ዓይነት ሰው ነኝ» ብሎ ይጨነቃል። እሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ የሚጨርስ ፊልም የፈራችውን ነገር እውነት ነው ብሎ ይመሰክርባታል። እባካችሁ ተዉት።

በር መቆለፉን ሦስት ጊዜ የሚሞክር ሰው ትዕይንት ቶሎ ቶሎ ተቆርጦ ሙዚቃ ሲገባበት ደግሞ ተመልካች ይስቃል። ሐኪሞች ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ መውሰዱ ነው። ስለዚህ ሳትቆርጡ ቅረጹት። ተመልካቹ ይሰልች፣ ይበሳጭ፤ ሰውየውም እንደዚያው ነው።

«የሚወደው ሰው ካጽናናው ይድናል።»

ባል «ቆልፌዋለሁ፣ አትጨነቂ» ይላታል፣ ትረጋጋለች፣ ፊልሙ ያልቃል። በእውነተኛው ሕይወት ግን ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ትጠይቀዋለች። ማረጋገጫው ለጊዜው ያሳርፋታል እንጂ ጥርጣሬውን ይመግበዋል። ፍቅር ያስፈልጋታል፤ ሕክምናውን ግን አይተካም። በንግግር ሕክምናው ታማሚዋ ከባለሙያ ጋር ሆና የምትፈራውን ቀስ በቀስ ትጋፈጣለች፣ የለመደችውን ድርጊት ሳታደርግ ጭንቀቱ እስኪበርድ ትታገሳለች። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ክሎሚፕራሚን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም አሉ። ውጤታቸውን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ታማሚ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ሊያቋርጥ ይችላልና፣ ኪኒን ውጦ በማግስቱ የሚስቅ ገጸ ባሕርይ አትጻፉ።